ትከሻና ትንፋሽ፦ እስክስታ እንዴት ይሠራል?

ደብረ ብርሃን ላይ ሰው ቆሞ ሲያወራ ትከሻው ጆሮው ሥር ነው። እንዲህ የሚያደርገን ብርዱ ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ውርጩ ሜዳውን አመድ ያስመስለዋል። በርኖስም ሆነ ጋቢ ለብሰን፣ አንገታችንን ቀብረን፣ እጃችንን ብብታችን ሥር ሸጉጠን እንሄዳለን። እኔም ይህን አቋም የተፈጥሮዬ አድርጌ ስኖር፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ጀበናው እሳት ላይ እንዳለ፣ አክስቴ ከኋላዬ መጥታ ሁለት መዳፏን ትከሻዬ ላይ አሳረፈችና «ይሄን ሁሉ ማን አሸከመህ?» አለችኝ።

«ምንም አልተሸከምኩም፣ እትዬ።»

«እንግዲያው አውርደው።»

ላወርደው ሞከርኩ፤ የወረደም መሰለኝ። እጇን ሳታነሳ «አሁንም እዚያው ነው» አለች።

አክስቴ የአንኮበር ልጅ ናት። ስልሳውን ካለፈች ቆይታለች፤ ሠርግ ቤት ግን እስከ ዛሬ መሐሉ የሚለቀቀው ለእሷ ነው። ያን ቀን ቡናው እስኪደርስ ከወንበር አስነስታ ያሳየችኝ ነገር ስለ እስክስታ የማውቀውን ሁሉ እንደ ገና እንዳስበው አደረገኝ። እስክስታ ደስታ ሲመጣ የሚወጣ ነገር ብቻ ይመስለኝ ነበር። ትንፋሽ ማስተካከያ፣ ብቻውን የቀረን ሰው ከሰው መቀላቀያ መሆኑን፣ በዚያም ላይ ያለ ጥቁር ሰሌዳ የሚሰጥ ትምህርት መሆኑን ያየሁት ያኔ ነው። አሠራሩን ደግሞ እዚያው ቡናው ዙሪያ ቁጭ ብላችሁ ልትፈትሹት ትችላላችሁ።

አጠገባችሁ ያለው ሰው ጀርባውን ይስጣችሁ። መዳፋችሁን ከትከሻው ኋላ፣ ጠፍጣፋው አጥንት ላይ አድርጉና ትከሻውን ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ላይ ያንቀሳቅስ። አጥንቱ ከመዳፋችሁ ሥር ሲሄድ ይሰማችኋል፤ የበሰለ እንጀራ በሰፌድ ከምጣድ ሲነሣ እንደሚንሸራተተው ዓይነት። ይህ ጠፍጣፋ አጥንት ከጎድን አጥንቶች ጋር በአጥንት መጋጠሚያ አልተያያዘም። ወደ ደረት የሚያገናኘው ከአንገት ሥር ወደ ጎን የሚዘረጋው አንድ ቀጭን አጥንት ብቻ ነው። የቀረው ሁሉ ሥጋ ነው። 17 ጡንቻዎች ከየአቅጣጫው ይዘውታል፤ ድንኳን በገመዶቹ ተወጥሮ እንደሚቆም ማለት ነው። ዳሌያችን እንዲህ አይደለም። እዚያ የጭኑ አጥንት ጫፍ በጥልቅ ጎድጓዳ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል፤ ክብደት ይሸከማል፣ እንቅስቃሴው ግን የተወሰነ ነው። ጭፈራችን ከወገብ በላይ ወጥቶ ትከሻ ላይ መስፈሩ፣ ከሰውነታችን ልቅ የሆነውን ቦታ መርጦ ማረፉ ነው ብዬ አስባለሁ።

ልቅነቱ ግን ዋጋ አለው። በሥጋ የተንጠለጠለ አጥንት ሥጋው በተኮማተረ ቁጥር አብሮ ይሰቀላል። ሲበርደን ይሰቀላል፣ ስንደነግጥ ይሰቀላል፣ ስልክ ላይ ስናቀረቅር ይሰቀላል። የአንኮበር ሴቶች እንጨት ወይም እንስራ አዝለው ያንን ዳገት ሲወጡ ገመዱ የሚያርፈው በዚሁ ቦታ ነው። ሌላም ነገር አለ። በአንገትና በላይኛው ደረት ዙሪያ ያሉ ጡንቻዎች የትንፋሽ ረዳቶች ናቸው። ሰው ሲረጋጋ የሚተነፍሰው በዋናነት ከሳንባ በታች ባለው ሰፊ ጡንቻ ነው፤ ሆዱ ከፍ ዝቅ ይላል። ሲፈራ ወይም ሲጨነቅ ግን ረዳቶቹ ይጠራሉ፤ ደረቱ ላይ ላዩን ይተነፍሳል፣ ትከሻውም ከትንፋሹ ጋር ይነሣል። አማርኛችን «ልቤ ተሰቀለ» ሲል የሚናገረው ይህንኑ ይመስለኛል። የተሰቀለ ትከሻና ያጠረ ትንፋሽ አንዱ ሌላውን ይዞ ይኖራል። አንዱን ብቻ ላውርድ ቢሉት እሺ አይልም፤ የእኔም ትከሻ «አውርደው» ስባል እምቢ ያለው ለዚህ ነው።

አክስቴ ታዲያ ትከሻዬን ተወችውና ወደ ትንፋሼ መጣች። «እስ በል» አለችኝ። ጨፋሪ ሲሞቀው በጥርሱ መካከል የሚያወጣውን ድምፅ ታውቁታላችሁ፤ እስ! እስ! የሚለውን። እኔ ለማሞቂያ ብቻ የሚባል ጌጥ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሞክሩት፦ ጥርስ ገጠም አድርጋችሁ አየሩን በጠባቡ ቀዳዳ አስወጡት። አየሩ ቶሎ መውጣት አይችልም፤ ትንፋሹ ሳይወዱ ይረዝማል፣ ሆዳችሁም ወደ ውስጥ ይገባል። አየር ስናስገባ የልብ ምት በጥቂቱ ይፈጥናል፣ ስናስወጣ ይረግባል። ማስወጣቱን ያስረዘመ ሰው የሚረግብበትን ጊዜ አስረዘመ ማለት ነው። በእያንዳንዱ «እስ» ላይ ትከሻ ወደ ታች ሲመታ ደግሞ መውረድ ከማስወጣት ጋር ይገጥማል። ከሁሉም በላይ የገረመኝ፣ እስክስታን ትንፋሽ ይዞ መምታት አለመቻሉ ነው። አራት አምስት ጊዜ ይሄዳል፣ ከዚያ ይደርቃል። ጀማሪ ሁሉ የሚደርቀው እዚያ ላይ ነው።

ሌላው የጀማሪ ስሕተት ክንድ ነው። እኔ እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ ክርኔን አወዛውዝ ነበር። አክስቴ ሁለት ክርኖቼን በጣቶቿ ያዘችና «እነዚህ ይተኙ» አለች። ክርን ሲተኛ ሥራው ለጠፍጣፋው አጥንት ይቀራል፤ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ ከዚያ ድንገት ወደ ታች። ቀጥሎ ጉልበቴን በጉልበቷ ነካችው። ጉልበት ከገተረ ምቱ ከመሬት አይወጣም፤ ትከሻ ብቻውን ይንቀጠቀጣል፣ ቶሎም ይደክማል። ጉልበት ሲላላ ግን እያንዳንዱ ምት ከእግር ተነሥቶ በወገብ አልፎ ትከሻ ላይ ይፈነዳል። ሩቅ ሆኖ የሚያይ ሰው ትከሻውን ብቻ ያያል።

ምቱንም እዚያው ጠረጴዛው ላይ ማግኘት ይቻላል። ሙዚቀኞች ችክችካ የሚሉት ነው። ከአንድ እስከ ስድስት እኩል እየቆጠራችሁ በቀኝ እጃችሁ አንድ ላይና አራት ላይ ምቱ። አንዴ ሲረጋ፣ በግራችሁ አንድ፣ ሦስትና አምስት ላይ ጨምሩ። በአንድ ቆጠራ ውስጥ አንዱ እጅ ሁለት፣ ሌላው ሦስት ይመታል። መጀመሪያ እጆቻችሁ ይጣላሉ፣ ከዚያ ድንገት ይታረቃሉ፤ ያቺ የመታረቂያ ቅጽበት ደስ ትላለች። ሙዚቃው ሁለቱንም ስለሚይዝ እግር አንዱን፣ ትከሻ ሌላውን መከተል ይችላል። እንዲህ ሁለት ነገር አንድ ላይ ለመያዝ የሚተጋ አእምሮ፣ ያስጨነቀውን ነገር ለጥቂት ደቂቃ ከማውረድ በቀር ምርጫ የለውም። ይህን የምለው ከራሴ ነው፤ ያን ሰሞን እንቅልፍ ያሳጣኝ ጉዳይ ነበረኝ፣ ችክችካውን እየቆጠርኩ ትዝ ያለኝ ቡናው ከተቀዳ በኋላ ነው።

ጎጃሜው፣ ጎንደሬው፣ ወሎዬውና ሸዌው እያንዳንዱ የራሱ አመታት አለው፤ የአንድ አገር ሰው እንኳ ከወንዝ ማዶው ጋር አይገጥምም። እኔን ግን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ከጭፈራው ይልቅ የማኅሌቱ አካሄድ ነው። ቤተ ክርስቲያን ያንን ጭፈራ አትለውም፣ እኔም አልለውም፤ ግን ሰውነትን እንዴት እንደሚመራ ማየት ያስተምራል። ቁም ዜማው ላይ ሊቃውንቱ መቋሚያቸውን ደገፍ ብለው ያለ ከበሮ ይቆማሉ። ዝማሜው ላይ መቋሚያው ከዜማው ጋር መዘንበል ይጀምራል። መረግዱ ላይ ከበሮውና ጸናጽሉ ገብተው መጀመሪያ ቀስ፣ ኋላ ፈጠን ይላሉ። ጽፋቱና ወረቡ ሲደርስ እልልታውና ጭብጨባው ይከተላል። ትውፊቱ ይህን ሁሉ ወደ 6ኛው መቶ ዘመን ሊቅ ወደ ቅዱስ ያሬድ ይመልሰዋል። ሌሊቱን ሙሉ የቆመ ሽማግሌ ንጋት ላይ ከወጣቱ እኩል የሚያሸበሽበው፣ ሰውነቱ ከዝምታ ወደ ሙቀት ደረጃ በደረጃ ስለተወሰደ ነው። የዛሬ የአካል ማሠልጠኛ መምህራን «ማሟሟቂያ» የሚሉትን አባቶቻችን በሥርዓት አኑረውታል።

እንቅስቃሴን በቀጥታ ለፈውስ ያዋለው ሌላ ልማድም በአገራችን አለ፤ ዛሩ። ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ እ.ኤ.አ. በ1932 ጎንደር ላይ ለወራት ተቀምጦ የዛርን ቤት በዝርዝር መዝግቧል። ታማሚው በጭብጨባና በከበሮ መካከል ራሱንና ደረቱን የሚያዞርበት ጉሪ የሚባል እንቅስቃሴ አለው። ቤተ ክርስቲያን ታወግዘዋለች፣ እኔም ሂዱ አልልም። አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም፦ እዚያ ቤት የገባ የተጨነቀ ሰው ብቻውን አልተተወም። የሚያጨበጭብለት ሰው፣ ድምፁን የሚመልስለት ሰው ነበረው። የብዙዎቻችን ጭንቀት ዛሬ ያጣው ያንን ነው።

እነዚህን ሦስቱን፣ ማለትም እንቅስቃሴን፣ ፈውስንና ሰው ማስተማርን በአንድ እጅ ይዘው ሙያ ያደረጉ ኢትዮጵያውያን አሉ። ታሪካቸው የሚጀምረው ከእኛ 130 ኪሎ ሜትር ወረድ ብሎ አዲስ አበባ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 እንግሊዛዊው ኮሪዮግራፈር ሮይስተን ማልዱም መንታ ልጆች ያሏቸውን ድሃ ቤተሰቦች ከሚረዳው ከጀሚናይ ትረስት ጋር ሆኖ ከመቶ በላይ የጎዳና ልጆችን ሰበሰበ፤ የካርል ኦርፍን የሙዚቃ ድርሰት ካርሚና ቡራናን ይዘው መድረክ ላይ ወጡ። ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር በጭብጨባ ያልቃል፤ ልጆቹም ወደ ጎዳናቸው ይመለሳሉ። እዚህ ግን አላለቀም። ከልጆቹ መካከል የተመረጡት ለዓመታት ሠልጥነው አዱኛ የተባለውን የማኅበረሰብ የዳንስ ቡድን መሠረቱ። ስሙን ልብ በሉት። አዱኛ በአማርኛችን ሀብት፣ ተድላ ነው፤ አስፋልት ላይ ያደሩ ልጆች ይዘው የተነሡት ይህን ስም ነው።

የሥልጠናው ልብ የነበረው ራሱን ዳንሱን ከመማር በላይ፣ የተማረው ወዲያው ማስተማር ያለበት መሆኑ ነው። የማኅበረሰብ ዳንስ የሚባለውም ይኸው ነው። የማልዱም አያያዝ ደግሞ ከአክስቴ ጋር ይገጥማል። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ሪትም ኢዝ ኢት የተባለው ዘጋቢ ፊልም ላይ ይታያል፤ ከበርሊን ፊልሃርሞኒክ ጋር የስትራቪንስኪን የፀደይ ሥርዓት ለማሳየት 250 የበርሊን ልጆችን ሲያሠለጥን መጀመሪያ የሚጠይቃቸው ቀጥ ብሎ በዝምታ መቆም ነው። ሳቅና ጉንተላ ባለበት እንቅስቃሴ አይጀመርም። ልጆቹ ይሰለቻሉ፣ ይቆጣሉ፣ መምህሮቻቸውም «ከበዳቸው» ይላሉ፤ እሱ ግን አይለቅም። አምናችኋለሁና ትችላላችሁ ማለቱ ነው። አክስቴም ክርኔን ይዛ «ይተኙ» ስትል ያደረገችው ይህንኑ ነው፤ ልቅ የሚሆነው መጀመሪያ የተረጋጋው ነው።

ከአዱኛ ሥራዎች እኔን ይበልጥ የሚነካኝ አካል ጉዳት ካለባቸው ሰዎች ጋር የሠሩት ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 ካንዱኮ የተባለውን አካል ጉዳተኞችና ሌሎች አብረው የሚሠሩበትን የእንግሊዝ ቡድን ከመሠረቱት አንዱ የሆነው አዳም ቤንጃሚን አዲስ አበባ መጥቶ ከእነሱ ጋር ሠርቷል። በእኛ አገር ክራንች የያዘ ሰው ሠርግ ቤት ጥግ ላይ ወንበር ይሰጠዋል፤ በክብር ነው የሚሰጠው፣ ግን ጥግ ላይ ነው። ትከሻን ባሰብኩ ቁጥር ይህ ያንገበግበኛል። እግሩ የማይታዘዘው ሰው ትከሻው ሙሉ ነው፤ እንዲያውም በክራንች የሚሄድ ሰው ትከሻ ከእኔና ከእናንተ ይልቅ የጠነከረና የነቃ ነው። እስክስታ ተቀምጦ የሚመታ ጭፈራ ነው! ከጥግ ወደ መሐል ለመምጣት የጎደለው የሰው ጥሪ ብቻ ነው።

ከአዱኛ የወጡት ጁነይድ ጀማል ሰንዲና አዲሱ ደምሴ ኋላ ዴስቲኖ የተባለውን የዳንስ ቡድን መሥርተዋል። ጁነይድ እ.ኤ.አ. በ2004 የሮሌክስ የጥበብ መርሐ ግብር መርጦት ከጃፓናዊው ሳቡሮ ቴሺጋዋራ ሥር ተምሯል። በሌላ መንገድ ደግሞ መላኩ በላይ አለ። እሱም ጎዳና ላይ ያደገ፣ እስክስታን ከሕዝቡ መካከል ለቅሞ የተማረ ነው፤ ካዛንቺስ የነበረውን የፈንድቃን አዝማሪ ቤት የጥበብ መናኸሪያ አድርጎ፣ ኢትዮከለር ከተባለው ቡድኑ ጋር ትከሻችንን ዓለም አሳይቷል። የሁሉም መነሻ አንድ ነው፤ ማንም ቦታ ያልሰጣቸው ልጆች በሰውነታቸው ቦታ አገኙ፣ ያገኙትንም ለሌላው ማካፈል ጀመሩ። ለእኔ ከመድረኩ ይልቅ ማካፈሉ ይበልጣል።

ግን ለምን ይሠራል? ብቻውን በቤቱ የሚንቀሳቀስ ሰውም ይሞቀዋል፤ ሰብሰብ ማለቱ ምን ይጨምራል? ይህን ብሮንዊን ታር የተባለች ተመራማሪ ከኦክስፎርድ ባልደረቦቿ ጋር ፈትናዋለች። እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጡት ጥናት የተሠራው ብራዚል ውስጥ በማራዦ ደሴት በ264 የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ላይ ነው። ከፊሎቹ እኩል፣ አንድ ዓይነት እንቅስቃሴ በአንድ ምት ሠሩ፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው የተለያየ። ከፊሎቹ ላብ በሚያመጣ ጉልበት፣ ሌሎቹ ተቀምጠው በእጅ ብቻ። በፊትና በኋላ የደም ግፊት መለኪያው ክንዳቸው ላይ እየተነፋ እስከ ስንት እንደሚችሉት ተለካ። ጉልበቱ ለብቻው ሕመም የመቻልን አቅም ከፍ አደረገ፤ እኩል መንቀሳቀሱም ለብቻው ከፍ አደረገ። ተቀምጠው በእጃቸው ብቻ እኩል የተንቀሳቀሱትም ጭምር ማለት ነው። እኩል የተንቀሳቀሱት ከጎናቸው ላለው ሰው ያላቸው ቅርበትም ጨመረ። ተመራማሪዎቹ ከጀርባው ሰውነት ራሱ የሚያመነጫቸው ሕመም አስታጋሾች እንዳሉ ይገምታሉ። ይህን ሳነብ ደቦ ላይ የሚያጭዱ ሰዎችን አሰብኩ፤ ማጭዱ በዜማ አብሮ ሲነሣና ሲወድቅ የወገብ ሕመም ለምን እንደማይሰማ።

ሐኪም አይተካም፤ ይህ ይታወቅ። ትከሻው የጠጠረ፣ ክንዱ ወደ ላይ አልነሣ ያለው፣ ሌሊት ሕመሙ የሚቀሰቅሰው ሰው መጀመሪያ መመርመር አለበት። ጭንቀቱ ወራት የዘለቀበትም እንዲሁ። እስክስታው ከሕክምናው ጎን የሚቆም ነው።

ደብረ ብርሃን ባለፉት ዓመታት ከወለጋ ተፈናቅለው የመጡ ብዙ ወገኖችን በመጠለያዎች ይዛ ቆይታለች። እዚያ ያሉ ልጆች ያዩትን ነገር መናገር አይችሉም፤ ብዙዎቹ ትልልቆችም አይችሉም። እህል፣ ብርድ ልብስና መድኃኒት ይቅደም። ከዚያ ቀጥሎ ግን ልጆቹን በክብ አቁሞ፣ ትንፋሽ አስረዝሞ፣ በአንድ ምት የሚያንቀሳቅስ ሰው ቢመደብ ገንዘቡ ብዙ አይደለም፤ አንድ ከበሮና አንድ ትዕግሥተኛ መምህር ይበቃል። መምህሩ ከእነሱው መካከል፣ ከራሳቸው አገር ጭፈራ ጋር ቢወጣ ደግሞ ይበልጥ ይሠራል። አዱኛ ያሳየው ይህን ነው፤ ዛሬ የተማረው ልጅ በወሩ ሌላውን ሊያስተምር ይችላል። የሚመለከታቸው ሁሉ እንዲያስቡበት ከልቤ እለምናለሁ።

ያን ቅዳሜ ቡናው ሲወርድ አክስቴ ፊት ለፊቴ ቆመች። እስክስታ ብቻውን አይጨረስም፤ አንዱ ይመታል፣ ሌላው ይመልሳል። ትከሻዋን አንዴ ወደ ፊት ጣለችልኝ፣ እኔም እንደምንም መለስኩ። ሁለተኛ ጣለች። ሦስተኛው ላይ «እስ» ሳልባል ከአፌ ወጣ፤ ትከሻዬም አብሮ ወረደ። ሞቀኝ። በሩ ላይ የጎረቤታችን የስምንት ዓመት ልጅ ሰሐን ልትመልስ መጥታ ቆማ ታየን ነበር። አክስቴ «ነይ ግቢ» ስትላት ሰሐኑን መደብ ላይ አስቀምጣ፣ ጫማዋን አውልቃ ገባች፤ ሁለታችንን ጥቂት አየችና ወደ እኔ ዞረች።

«ጋሼ፣ ጉልበትህ ገትሯል» አለችኝ፤ ጎንበስ ብላም ልክ አክስቴ እንዳደረገችው ጉልበቴን ነካችው።